አንቀጽ 2074 እና ውሻው

ወጣቱ ጠበቃ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ቢሮ ከከፈተ ገና ዓመት አልሞላውም። ፊቱ የተማሪ ፊት ነው። ስለዚህ የሚመጣው ባለጉዳይ ሁሉ አንዴ እሱን፣ አንዴ ከጀርባው የተሰቀለውን ካባ ያይና «ጠበቃው ስንት ሰዓት ይገባሉ?» ይለዋል። መጀመሪያ ይናደድ ነበር። አሁን «ይቀመጡ፣ ደርሰዋል» ይልና ካባውን አውርዶ ይለብሳል።

የመጀመሪያው ትልቅ ጉዳዩ የውሻ ጉዳይ ነበር። ደንበኛው ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ውሻቸው የጎረቤታቸውን ባት ነክሶ፣ ለመርፌና ለተቀደደ ሱሪ ካሳ ተጠይቀዋል። ጠበቃው ሌሊቱን ሙሉ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ሲያገላብጥ አደረ። ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት፣ በ1952 ዓ.ም. የታወጀው ይህ ሕግ 3,367 አንቀጾች አሉት፤ ውሻ ፈልጎ አይታጣበትም። አንቀጽ 2071 እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል። እዚህ ላይ ልቡ ወደቀ። ጥቂት ወረድ ብሎ አንቀጽ 2074ን ሲያነብ ግን ዓይኑን አሸ፦ የቤት እንስሳ ባለቤት፣ የራሱ ጥፋት እስከሌለበት ድረስ፣ እንስሳውን ለተጎጂው ለቆለት ከኃላፊነቱ መዳን ይችላል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ብቻውን ሳቀ። (ሕግ እያነበበ የሚስቅ ሰው ያስፈራል፤ ለጀማሪነቱ ይቅር እንበለው።)

ጠዋት በድል አድራጊነት «እትዬ፣ ውሻውን ይስጧቸውና ይገላገሉ!» አላቸው።

ሴትዮዋ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ «ሰውዬውን ነከሰ እንጂ እኔን ምን አደረገኝ?»

ጎረቤትየውም ሐሳቡ ሲነገራቸው ከተነከሱበት ቀን የባሰ ደነገጡ። «ነክሶኝ ሲያበቃ ደግሞ እኔ ልቀልበው?» ነገሩ በሽማግሌ አለቀ፤ የመርፌው ተከፈለ፣ ሱሪው በይቅርታ ታለፈ፣ ውሻውም ቀን ቀን እንዲታሰር ተወሰነበት። በዕርቁ ላይ አንቀጽ 2074ን ያነሳ ሰው አልነበረም። ጠበቃው እስከ ዛሬ ይቆጨዋል።

ዩኒቨርሲቲ ያላስተማረው ሌላው ትምህርት ኮሪደር ላይ መጠበቅ ነው። ቀጠሮው ሦስት ሰዓት ይባላል፤ መዝገቡ የሚጠራው አምስት ተኩል ላይ ሊሆን ይችላል። በዚያ መሐል ከሳሽና ተከሳሽ ባንድ አግዳሚ ወንበር ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ድሮ ባለዕዳና አበዳሪ ነጠላቸው ተቋጥሮ፣ አንዱ የሌላው ቁራኛ ሆኖ ወደ ዳኛ ይሄድ ነበር። ዛሬ ቋጠሮው ቀረ እንጂ ቁራኝነቱ አልቀረም።

ይህን ያስተማሩት አንድ አባባ ናቸው። ለአብሮ አደጋቸው 60 ሺህ ብር አበድረው ተክደዋል።

«ውል አለ?»

«ከአብሮ አደግ ጋር ውል? ነውር አይደለም እንዴ!»

ጠበቃው ራሱን ያዘ። አንቀጽ 2472 ከ500 ብር የሚበልጥ ብድር በቃል ምስክር አይረጋገጥም ይላል። ሕጉ በወጣበት ዘመን 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበረ፤ ዛሬ ለሁለት ሰው ክትፎ አይበቃም፤ አንቀጹ ግን እንደተጻፈ አለ። ይህንኑ አስረድቶ መዝገቡ ተስፋ እንደሌለው ሊነግራቸው ሲል፣ አባባ በከዘራቸው ወለሉን መታ መታ አደረጉና «መሐላስ?» አሉት።

ሕጉን ገለጠ። ብድሩ በጽሑፍ፣ አለዚያም ፍርድ ቤት ፊት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ይረጋገጣል ይላል። ለፈተና ሲያጠና በቢጫ ቀለም ያሰመረው «በጽሑፍ» የሚለውን ብቻ ነበር።

በመልስ ጽሑፉ ላይ «አምስት ሳንቲም አልወሰድኩም» ብሎ የጻፈው ተከሳሽ፣ ማል ሲባል ላብ አጠመቀው። ዓቢይ ጾም ነበር። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ በጾም አልምልም፤ ከፋሲካ በኋላ ይሁንልኝ» አለ። ዳኛው ሳል የመሰለ ነገር አሳሉና ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ቀጠሩ።

በቀጠሮው ቀን ጠበቃው ካባውን በክንዱ ይዞ፣ የመሐላውን ክርክር በልቡ እያነበነበ ደረሰ። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ደንበኛው የሉም። ተከሳሹም የለም። ደንግጦ ሲፈልግ ከግቢው ውጭ ሻይ ቤት አገኛቸው፤ አንድ አምባሻ ለሁለት ቆርሰው፣ አባባ በጋዜጣ የተጠቀለለ ብር ምራቃቸውን እየነኩ ይቆጥራሉ። እሱ ብቻ ነው የተናደደው። ለሁለት ወር የተዘጋጀበት ክርክር ነበረ።

ቆጠራው አለቀ፤ ሞልቷል። የቀረው ለችሎቱ ዕርቁን አስመዝግቦ መዝገቡን ማዘጋት ነው። ተከሳሹ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስማኝማ፣ እስከ ወር መጨረሻ አምስት ሺህ ብር ብቻ...» አለ።

አባባ መለስ ብለው ጠበቃውን አዩት።

«አንተ ልጅ፣ ወረቀት ይዘሃል?»