ጀማሪ ደራሲን ዝም ለማሰኘት

አንድን ጀማሪ ጸሐፊ ከብዕሩ ለይቶ ዝም ለማሰኘት የሚፈልግ ሰው ቢኖር፣ መንገዱ ረዥም አለመሆኑን አስቀድሜ ልንገረው፤ ወኅኒ ቤትም ሆነ ብርቱ ሥልጣን አያሻውም፣ ጥቂት ቃልና ቃሉን በሰው ፊት የመናገር ድፍረት ይበቃዋል። ይህ ጽሑፍ የፌዝ ምክር ቢባልም፣ በውስጡ ያለው ሁሉ በየመንደሩ ሲሠራና ሲሠምር የሚታይ ነገር ስለ ሆነ፣ የምጽፈው እያዘንሁ ነው።

በእንጅባራ የምትኖር አንዲት ተማሪ አለች እንበል። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» አንብባ፣ በዛብህ በመሞቱና ሰብለ ወንጌል በመመንኰሷ ልቧ ስላልተጽናና፣ ደብተር ገዝታ ለታሪኩ ሌላ ፍጻሜ ትጽፍለት ጀመር። በእርሷ ድርሰት በዛብህ ከሕመሙ ይድናል፤ ሰብለ ወንጌል እርሱን ፍለጋ በአዊ አገር ስታልፍ በዘንገና ሐይቅ አጠገብ ታድራለች፤ አንዲት ባልቴት በአውኛ ታጽናናታለች፤ የአገው ፈረሰኞች ማኅበርም አጅቦ እስከ ዳንግላ ያደርሳታል። ይህን የመጀመሪያ ምዕራፍ ለጓደኞቿና ለጎረቤቶቿ አስነበበች።

እንግዲህ ይህችን ልጅ ዝም ለማሰኘት የሚሻ ሰው አስቀድሞ ምዕራፉን አለማንበብ አለበት። ሳያነብ «አንቺ ማን ነሽና የሐዲስን ድርሰት ትነኪያለሽ?» ይበላት። ይህን ሲል ግን የገዛ አገሩን የድርሰት ታሪክ ፈጽሞ መርሳት ይኖርበታል፤ የግእዝ ሊቃውንት የመቄዶንያውን የእስክንድርን ታሪክ ከሩቅ አገር ተቀብለው እንዳለ አላስቀመጡትም፤ በ«ዜና እስክንድር» ያ አረማዊ ንጉሥ ስለ ሥላሴ የሚመሰክርና ንጽሕናን የሚጠብቅ ክርስቲያን ሆኖ ይገኛል። ሮማዊው ባለቅኔ ቪርጂልም በሆሜር ድርሰት ውስጥ ከብዙዎቹ ጀግኖች አንዱ የነበረውን ኤንያስን ወስዶ የራሱን ታላቅ መጽሐፍ በእርሱ ላይ መሠረተ። የቀደመውን ድርሰት ወድዶ መቀጠል የደራስያን ጥንታዊ መንገድ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ይህችን ልጅ ለመዝለፍ አፉ አይፈታለትም።

ቀጥሎ ምዕራፉን ገለጥ ገለጥ አድርጎ እውነተኛ ስሕተት ይፈልግ፤ ያገኛልም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ያከብራል፤ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ዘመን ግን ከዚያ የሚቀድም ስለ ሆነ ማኅበሩ በታሪኩ ሊገባ አይችልም። ይህ ትክክለኛ ነቀፌታ ነው። ጠንቅቆ አንብቦ ስሕተቱን ለብቻዋ የነገራትን ሰው ልጅቱ ዕድሜዋን ሙሉ ታመሰግነው ነበር። ስለዚህ ሊያጠፋት የሚፈልግ ሰው በጉባኤ መካከል፣ እየሳቀ ይናገረው፤ በዚያም አይብቃው፣ ከአንድ ዓመተ ምሕረት ስሕተት ተነሥቶ «ጽሕፈት ያልተሰጠሽ ነሽ» ወደሚል ፍርድ ይሻገር። ስሕተቱ እውነት ስለ ሆነ ስድቡም እውነት ይመስላታል፤ ጉዳቱም ከዚህ ላይ ነው።

ይህን የሚያደርግ ሰው የጎጃም ቅኔ ቤት ደጃፍ አይለፍ። በዋሸራም ሆነ በሌላው ጉባኤ ደቀ መዝሙሩ ሁለት ቤት ብቻ ባላት በጉባኤ ቃና ይጀምርና ቀስ በቀስ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ያድጋል። ለብቻው ቈጥሮ ያመጣውን ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታም ቤቱ ያልመታበትን፣ ምስጢሩ የተፋለሰበትን ቦታ ለይተው ያርሙለታል። ተግሣጹ ብርቱ ሊሆን ይችላል፤ የሚያርፈው ግን በቅኔው ላይ ነው፣ ተማሪውም በማግስቱ ሌላ ቈጥሮ እንዲመጣ ይጠበቃል። ከዚሁ ሥርዓት የወጡት ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው ናቸውና፣ ስለ እርሳቸው ክብር የሚቈጣ ሰው የተማሩበትን የእርማት ሥርዓት አብሮ ቢያከብር በወደድሁ ነበር።

በባልቴቷ አፍ የተነገረውን አውኛ «በአማርኛ ድርሰት ውስጥ ምን ይሠራል?» ብሎ መሣለቅም የታወቀ ዘዴ ነው፤ አገሬው የሚናገርበትን ቋንቋ ከድርሰቷ ካስወጣ፣ ልጅቱ የምታውቀውን አገር ከእጇ ነጥቋታል ማለት ነው።

የቀረውን ሥራ ልጅቱ ራሷ ትፈጽመዋለች። ሌሊት ተቀምጣ የተባለችውን ሁሉ፣ የሚያውቀውንም የማያውቀውንም ሰው ቃል፣ ባንድ ሚዛን ትመዝነዋለች፤ አንዲት ጎረቤት «እኔስ ባልቴቷ ስትናገር አለቀስሁ» ያለቻትን ግን አትቈጥረውም። ከዚያ በኋላ ደብተሩን ከሣጥን ሥር ትከተዋለች፤ ስለ ድርሰት የሚጠይቃት ቢኖርም «ድሮ እሞክር ነበር» ትላለች።

ልጄ ሆይ፣ ይህን ሁሉ የዘረዘርሁት የተሠራብሽን ነገር ለይተሽ እንድታውቂው ነው። ማኅበሩን ከምዕራፉ አውጪው፤ ፈረሰኞቹ ግን ይቈዩ፤ አገው ከፈረስ ጋር የኖረው ማኅበሩ ከመመሥረቱ በፊት ነውና። የባልቴቷን አውኛ አትንኪ። ሳያነቡ የዘለፉሽን ሰዎች ቃል ከሚዛን አውጪ፤ አንብቦ ያረመሽን ሰው ፈልጊና ቀጥሎ ያለውን ምዕራፍ ለእርሱ አንብቢለት። በዛብህንም ካዳንሽው በኋላ እንዴት እንደሚኖር ጻፊልን፤ ሰብለ ወንጌል ዳንግላ ደርሳ ቆማለችና፣ ቶሎ ጨርሽው።