ፖም ማዕረግ ሲያገኝ

ፊሊፕስ በ2010 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያወጣው ኤር ፍራየር፣ ነገሩ ሲገለጥ፣ ማራገቢያ የተገጠመለት ትንሽ ምድጃ ነው። ዛሬ ግን ያለሱ እንግዳ መቀበል ነውር ሊሆን ምን ቀረው! የጨንቻ ፖም ለሁለት ይገመሳል፤ ፍሬው ወጥቶ በጎድጓዳው ለጋ ቅቤ፣ ማርና ቀረፋ ይጨመርበታል። በ180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 12 ደቂቃ ያህል ሲቆይ ጠርዙ ይጨማደዳል፣ ማሩ ይንተከተካል፣ ቤቱ በቀረፋ ይታወዳል። እስከዚህ ድረስ እሰየው ነው። ጣጣው ጋባዡ ደረቱን ነፍቶ «ብሉ፣ ዘይት የለውም» ሲል ይመጣል። ፖም ድሮስ መቼ በዘይት ተጠብሶ ያውቃል? የቅቤውና የማሩ ስም ግን አይነሳም። ጾም ከሆነ ቅቤውን ይተዉት። መብራት ከሄደም ፖሙን ጥሬውን ይግመጡት፤ እሱም ዘይት የለውም።