የአወዳደቅ አንድምታ

ሊኑክስ አይወድቅም። ሊኑክስ የጫነ ሰው ሁሉ ዊንዶውስ ለሚጠቀም ዘመዱ ይህን ሳይነግር አይውልም፤ ነገሩም ሐሰት አይደለም። ሊነስ ቶርቫልድስ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ1991 የጀመረው ከርነል፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት፣ ቤቴ ባለው ኮምፒውተር ላይ ሲወድቅ አንድም ቀን አላየሁም። የሚወድቀው ከእሱ በላይ ያለው ሁሉ ነው። ቤቱ እንደ ቆመ ተከራዮቹ አንድ በአንድ ይሞታሉ፤ አከራዩም ሞታቸውን በሴኮንድ ሳይቀር እየመዘገበ ዝም ይላል።

«አወዳደቄን አሳምረው» ብሎ የሚጸልይ ሕዝብ የአወዳደቅን ዓይነት ለይቶ አለማጥናቱ የሚገርም ነው። ይህን ጉድለት ለመሙላት በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ወር በፈጀ ምልከታ፣ አወዳደቅ በአራት እንደሚከፈል ደርሰንበታል።

አንደኛው ስንብት የለሽ ነው። መስኮቱ ነበረ፤ አሁን የለም። ሁለተኛው ድንዛዜ ነው፤ ማውሱ ይንቀሳቀሳል፣ የሚሰማው ግን የለም። ድንዛዜም ሙዚቃው የሚቀጥልበትና ሙዚቃው የሚንተባተብበት ተብሎ ለሁለት ይከፈላል፤ የኋለኛው ያችኑ ግማሽ ሴኮንድ እየደጋገመ ጎረቤት ይቀሰቅሳል። ሦስተኛው መገደል ነው። ይህ ውድቀት ሳይሆን ፍርድ ነው። ራም ሲያልቅ ከርነሉ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ነጥብ ይሰጥና ከፍተኛ ነጥብ ያገኘውን ይገድላል። ነጥቡ በይበልጥ የሚለካው በራም በላተኝነት ስለሆነ ዘወትር የሚታረደው 40 ታብ የተከፈተበት ብራውዘር ነው። ሟቹ 137 የሚል ቁጥር ትቶ ይሄዳል፤ 128 ላይ 9 ሲደመር ማለት ነው፣ 9 ደግሞ ይግባኝ የሌለው የግድያ ትእዛዝ። አራተኛው መብራት ሲጠፋ የሚደርሰው ነው፤ እሱ ሌላ መሥሪያ ቤት ስለሚመለከተው እናልፈዋለን።

የጥገና ቤቶች ለአራቱም የሚያዙት መድኃኒት አንድ ነው፦ ፎርማት። ሊኑክስ መሆኑን ሲሰሙ መድኃኒቱ አይለወጥም፤ «ዊንዶውስ እንጫንልህ?» የሚል ይታከልበታል።

ወደ ስንብት የለሹ እንመለስ። አከራዩ ከርነል የጻፈው መዝገብ ዲሜስጅ በሚባል ትእዛዝ ይነበባል። ብራውዘሩ በወደቀበት በመጀመሪያው ሌሊት የተጻፈው ቃል ሲያጥር እንዲህ ይላል፦ «ብራውዘር፣ ሴግፎልት በ18፣ ኤረር 4»። ንባቡ ይህ ነው፤ ትርጓሜው ይቀጥላል።

ሴግፎልት አለ። ወደቀ ሳይል ሴግፎልት ማለቱ ስለምን ነው ቢሉ፣ ያልተሰጠውን ቦታ ሊረግጥ ሲል በ11ኛው ሲግናል መታሁት ሲል ነው። በ18 አለ። ለተራ ፕሮግራም እንዲህ ያለ የሰፈሩ መጀመሪያ ላይ ቦታ አይመራም፤ ባዶ አድራሻ ተቀብሎ፣ ከባዶው ጥቂት እልፍ ብሎ ማንኳኳቱን ያጠይቃል። ኤረር 4 አለ። ስለምን 4 አለ ቢሉ፣ 4 በሁለትዮሽ አቆጣጠር 100 ነው። የመጨረሻው ዜሮ ቦታው ጨርሶ አለመኖሩን፣ የመካከለኛው ዜሮ ሊጽፍ ሳይሆን ሊያነብ መሄዱን፣ መሪው 1 ደግሞ ተራ ፕሮግራም እንጂ ከርነሉ ራሱ አለመሆኑን ያጠይቃል። አከራዩ በሦስት ቢት «እኔ የለሁበትም» ማለቱን ልብ ይሏል።

ሐተታ። ጥፋቱ የፕሮግራሙ ነው፤ የጻፈው ሰው አድራሻው ባዶ መሆን አለመሆኑን ሳያይ ልኮታል። አንድም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ማክሰኞ አፕዴት ሳደርግ ብራውዘሩን ስላልዘጋሁት ግማሹ አሮጌ ግማሹ አዲስ ሆኖ አድሯል። አንድም፣ የዳንቴሉ ነው። ከኬዙ አናት ላይ እናቴ በእጇ የሠራችው ዳንቴል ተነጥፏል፤ ሙቀት የሚወጣው ደግሞ በዚያው በአናቱ ነው። ዳንቴሉ ይነሳ ባልኩ ጊዜ ባለቤቴ ቀና ብላ አይታኝ «አንተው ንገራቸው» አለች። ዳንቴሉ አልተነሳም።

አንድም፣ ራም ነው።

ወደዚህኛው ያዘነበልኩት በሁለተኛው ሌሊት ካልኩሌተሩ ስለ ወደቀ ነው። ካልኩሌተር! በሦስተኛው ሌሊት ፎቶ ማሳያው ተከተለ፤ አድራሻውም 18 መሆኑ ቀርቶ የመኪና ሻንሲ ቁጥር የመሰለ ረጅም ሆነ። በ1990ዎቹ ከርነል እቤታቸው ይገነቡ የነበሩ ቀደምት ሊቃውንት ለዚህ ብይን ትተውልናል፦ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ከወደቀ ፕሮግራሙን ጠርጥር፤ በየጊዜው ሌላ ቦታ ከወደቀ ዕቃውን። 8 ጊጋባይት የሚይዝ አንድ ራም ከ68 ቢሊዮን በላይ ቢት አለው። ካልኩሌተር ለመግደል ከእነዚህ አንዱ፣ 0 አደራ ሲሉት 1 ብሎ ቢመልስ ይበቃል።

እንግዲህ ሜምቴስት ጫንኩና ተቀመጥኩ። ሜምቴስት ሊኑክስንም ማንንም ሳያስነሳ ብቻውን ተነስቶ፣ ራሙ ላይ ይጽፋል፣ መልሶ ያነባል፣ ያመሳክራል፤ ደግሞ ይጽፋል። ከዚህ የበለጠ አሰልቺ ትዕይንት የለም፤ ዓይኔን ግን አልነቀልኩም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ቀይ መስመር መጣ። ከዚያ ሌላ። ደስታዬን ብገልጸው የሚያፍር ይኖራል፤ ባለቤቴን ቀስቅሼ «ቀይ ነው!» አልኳት፤ «እሳት ነው?» ብላ ተነሳች።

ዳንቴሉን አንስቼ ኬዙን ከፈትኩ። ከሁለቱ ራሞች አንዱን ስነቅለው ከጥርሶቹ ላይ ያለው የወርቅ ቅብ የሻይ ማንኪያ ጀርባ መስሎ ወይቧል። ለዚህ የሚሆን መሣሪያ የልጄ ደብተር ቦርሳ ውስጥ ነበር። በላጲሷ ጥርሱን በአንድ አቅጣጫ ፈተግኩት፤ ላጲሱ ጠቆረ፣ ጥርሱ ነጣ፤ ብናኙን እፍ ብዬ መለስኩት። በሁለቱም ጫፍ ቀጭ፣ ቀጭ አለ። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሜምቴስቱን ደግሜ እስከ ጠዋት ጠበቅሁ፤ አንድም ቀይ የለም።

ከዚያ ወዲህ 19 ቀን ሆነው፤ አልወደቀም። አራቱ ክፍሎች የሚመደብባቸው አጥተው ተቀምጠዋል፤ የሙዚቃውን መንተባተብ ለሦስት ልከፍል የጀመርኩትን ረቂቅም ትቼዋለሁ። ላጲሱ ነው ብዬ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ። ባለቤቴ ግን አንድ ጥያቄ አላት። ያን ሌሊት በአቧራማ እጄ ያነሳሁትን ዳንቴል በማግስቱ ወስዳ ዘፍዝፋዋለች፤ ቀይ መስመሩ የመጣው ዳንቴሉ ሳለ ነው፣ የጠፋው ዳንቴሉ ሲነሳ። ራም ሲሞቅ እንደሚሳሳት የነገርኳት እኔው ነኝ።

እናቴ እሑድ ትመጣለች። ዳንቴሉ ዛሬ ጠዋት ተተኩሶ ቦታው ተመልሷል። ይህን የምጽፈው ከሥሩ ተቀምጬ ነው፤ በየዓረፍተ ነገሩም ሴቭ እያደረግሁ።