አሊስ ያልለበሰችው ቀሚስ

ጥንቸል ተከትላ ጉድጓድ የገባችውን አሊስን የማያውቅ ጥቂት ነው፤ በትክክል የሚያውቃት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ምልክቷን ንገር የተባለ ሰው ወርቃማ ጸጉር፣ ሰማያዊ ቀሚስ፣ ነጭ ሽርጥ ብሎ ይዘረዝርና ከአጠገቧ አንድ እብድ ባርኔጣ ሰሪ ያስቀምጣል። በዚህ ምልክት የምትፈለግ ልጅ ግን በ1865 (እዚህ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በወጣው መጽሐፍ ውስጥ አትገኝም። ሠዓሊው ጆን ቴኒየል ያዘጋጃቸው 42 ሥዕሎች በሙሉ ጥቁርና ነጭ ናቸው። ቀሚሷ ቀለም ያገኘው ከ25 ዓመት በኋላ፣ በ1890 ለሕፃናት በተዘጋጀው አጭር እትም ሲሆን፣ እሱም ቢጫ ነበር። ሰማያዊውን በዓለም ሕዝብ ልብ ውስጥ ያጸናው የዋልት ዲዝኒ የ1951 ፊልም ነው። ከምልክቱ ሁሉ ሽርጡ ምንም አይወጣለትም።

ባርኔጣ ሰሪው ደግሞ ስሙ በከንቱ ጠፍቷል። መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር “ባርኔጣ ሰሪው” ይለዋል እንጂ “እብዱ ባርኔጣ ሰሪ” ብሎ አንድም ቦታ አይጠራውም። አብዷል ብሎ ያወራበት ያ ሣቁ ከአካሉ በኋላ የሚቀረው የቼሻየር ድመት ነው፤ ድመቱ ግን ራሱንም፣ አሊስንም፣ በዚያ አገር ያለውን ፍጥረት ሁሉ እብድ ብሏልና ምስክርነቱ ብዙ አያስኬድም። እርግጥ ሐሜቱ ሥር አለው። የዘመኑ ባርኔጣ ሰሪዎች የእንስሳ ጸጉር ጠቅጥቀው ጨርቅ ለማድረግ በሜርኩሪ ይሠሩ ስለነበር፣ መርዙ እጃቸውን ያንቀጠቅጠው፣ ጠባያቸውንም ያበላሸው ነበር። በሥዕሉ ላይ ባርኔጣው የዋጋ ወረቀት እንደተሰካበት ነው፤ 10 ሽልንግ ከ6 ፔንስ። ሰውየው ፍርድ ቤት ቀርቦ ባርኔጣህን አውልቅ ሲባል የእኔ አይደለም፣ የምሸጠው ነው ብሎ ይመልሳል። የሱቁን ዕቃ ለብሶ ሻይ የሚጠጣ ነጋዴ እብድ ይባል እንደሆነ የሙያ ጓደኞቹ ይፍረዱ።

ይኸው ሰው በሻይ ግብዣው ላይ ቁራ ከጽሕፈት ጠረጴዛ በምን ይመሳሰላል የሚል እንቆቅልሽ ይጥላል። እንደ እኛ ደንብ ቢሆን አሊስ አገር ሰጥታ ትገላገል ነበር። ጠያቂው ራሱ መልሱን የማያውቅ ሆኖ ሲገኝ ግን አገሩን ማን ይውሰድ? አንባቢዎች ደራሲውን ሠላሳ ዓመት ያህል ሲነዘንዙት ኖረው፣ ለ1896 ገና በጻፈው መግቢያ ላይ በመጀመሪያ መልስ ያልታሰበለት ነው ካለ በኋላ አንድ መልስ ፈጠረላቸው። በመልሱ ውስጥ “ኔቨር” የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ሆን ብሎ በአንድ ፊደል አሳስቶ ጻፈው፤ ቃሉ ከኋላ ወደ ፊት ሲነበብ “ሬቨን”፣ ማለትም ቁራ እንዲሆን ነው። ቀልዱ ያለው እዚያ ፊደል ላይ ነበር። በኋላ ግን የሆነ ትጉ አራሚ ስህተት አገኘሁ ብሎ አስተካከለው። የደራሲው ቃል እንደ ተጻፈ መልሶ የታየው በ1976 ነው። አራሚ የገደለውን ቀልድ ለማስነሣት 80 ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

ሉዊስ ካሮል የደራሲው የብዕር ስም ነው። ሰውየው በኦክስፎርድ ክራይስት ቸርች ኮሌጅ ሒሳብ የሚያስተምር፣ የሚንተባተብ፣ ፎቶግራፍ የሚወድ ቻርልስ ላትዊጅ ዶጅሰን ነበር። ሁለቱን የራሱን ስሞች ወደ ላቲን ገልብጦ፣ ቦታ አለዋውጦ፣ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሳቸው ሉዊስ ካሮል ወጣው። ንግሥት ቪክቶሪያ አሊስን ወድዳ የሚቀጥለውን መጽሐፉን ብታዝዝ የሒሳብ መጽሐፍ ደረሳት የሚለው ታሪክ እስከ ዛሬ ይነገራል፤ እሱ ራሱ ውሸት ነው ብሎ በጽሑፍ አስተባብሏል፣ ግን ወሬው ከማስተባበያው ይልቅ ስለሚያስቅ የሰማው የለም።

ተረቱ የተወለደው ሐምሌ 4 ቀን 1862 በቴምዝ ወንዝ፣ በታንኳ ላይ ነው። ቀዘፋው የዶጅሰንና የወዳጁ የቄስ ሮቢንሰን ዳክዎርዝ ሲሆን፣ ተሳፋሪዎቹ የኮሌጁ የበላይ የሄንሪ ሊድል ሦስት ሴቶች ልጆች ነበሩ፤ ሎሪና፣ አሊስና ኢዲት። ታንኳይቱ ላይ ከነበሩት ትዝታቸውን የጻፉት ዕለቱን ፀሐይ የሞላበት አድርገው ያስታውሱታል። የአየር ሁኔታ መዝገብ ያገላበጡ ሰዎች ግን ቀኑ ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር ብለው ሲሟገቱ ኖረዋል። ዳክዎርዝ በተረቱ ውስጥ ስሙ እንደሚያዝዘው ዳክዬ ሆኖ ገባ፤ ዶጅሰንም ዶዶ የተባለውን የጠፋ ወፍ ለራሱ ያዘ። ይህም ስሙን ሲናገር ዶ-ዶ እያለ ይንተባተብ ስለነበር ነው ይባላል።

የአሥር ዓመቷ አሊስ ጻፍልኝ ብላ ወተወተች። በእጁ ጽፎ፣ በእጁ ሥሎ ያስረከባት በኅዳር 1864 ነው። በዚያ ጥራዝ ውስጥ ድመቱም የሻይ ግብዣውም የሉም፤ ለኅትመት ሲያሰፋው የጨመራቸው ናቸው። ኅትመቱም ያለ ጣጣ አልወጣም። ደራሲው በራሱ ወጪ 2,000 ቅጂ ካሳተመ በኋላ ቴኒየል የሥዕሎቼ አስተታተም አላማረኝም አለ፤ የተሠራጩትም ቅጂዎች ተለቀሙ። ያልተጠረዘው ወረቀት ለአንድ የኒው ዮርክ አሳታሚ ተሸጠ፤ አሜሪካኖቹም ያለ ቅሬታ አነበቡት። ከተለቀሙት የተረፉት ሃያ ጥቂት ቅጂዎች ዛሬ በዓለም ውድ ከሚባሉት መጻሕፍት መካከል ናቸው።

እውነተኛዋ አሊስ ሊድል ጸጉሯ ጥቁር፣ አጭርና ግንባሯ ላይ የተቆረጠ ነበር። በ1872፣ ሃያ ዓመት ሲሆናት፣ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በዋይት ደሴት ፎቶግራፍ አንሥታታለች፤ ፊቷ ላይ ፈገግታ ቀርቶ የፈገግታ ፍንጭ የለም። ከአራት ዓመት በፊት፣ በ1868፣ በዚያው ደሴት በዚያችው ሴት ካሜራ ፊት የተቀመጠው ከመቅደላ የተወሰደው ደጃዝማች ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ነበር። ሰባት ዓመቱ ነበር። የመጽሐፏ አሊስ በተከታዩ መጽሐፍ ልክ ሰባት ዓመት ተኩል እንደሆናት ትናገራለች። እሷ ግን ወደማታውቀው አገር በሕልም ሄዳ በመጽሐፉ መጨረሻ ትነቃለች።

የእጅ ጽሑፉ ባለቤት በ1880 አግብተው ወይዘሮ ሃርግሪቭስ ሆነዋልና ከዚህ በኋላ አንቱታ ይገባቸዋል። ከሦስት ወንዶች ልጆቻቸው ሁለቱን አንደኛው የዓለም ጦርነት ወሰደባቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ፣ በ1928፣ ስጦታቸውን በለንደን ጨረታ አቀረቡት፤ 15,400 ፓውንድ አወጣ። ገዥው አሜሪካዊ ነበር። ጥራዙ ወደ እንግሊዝ የተመለሰው በ1948 አሜሪካውያን ገንዘብ አዋጥተው ለብሪቲሽ ሙዚየም ሲሰጡት ነው። እሳቸው ግን ይህን ሳያዩ በ1934 አርፈዋል።

ከሞታቸው ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ የደራሲው 100ኛ ዓመት ልደት ሲከበር፣ 80 ዓመት ሊሞላቸው ሲል ባሕር ተሻግረው ኒው ዮርክ ወርደዋል። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲም የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። አሊስ መሆን እንደሰለቻቸው ለልጃቸው የጻፉት በዚያ ሰሞን ነው። ዓለም ግን ከነዶክትሬታቸው አንቺ ማለቱን አልተወም።