አብሽር፣ አይለቅም

ከደሴ መናኸሪያ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ሚኒባስ ከጎኔ የተቀመጠው ጎልማሳ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ ነው። እሱ በሲሚንቶ ዋጋ ይጨቃጨቃል፤ ሚስቱ እኔን ታየኛለች። ከስልኩ ጀርባ፣ ከቨሩ ላይ፣ በነጭ ቬሎ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ። ግንባሯ ላይ የካሜራ ቀዳዳ ተበስቷል። መኪናው የሐረጎን ጥምዝ ሲዞር እሱ ወደ እኔ ያጋድላል፣ እሷም አብራ ትጠጋኛለች። "በዚህ ሂሳብማ አልጭንም!" ብሎ ሲቆጣ እንኳ ፈገግታዋ አልተነካም። ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ የሰው ሚስት ፊት ለፊት እያየሁ ተጓዝኩ፤ ባሏ እዚያው ተቀምጦ፣ በራሱ ወጪ።

ድሮ የሰው ሰርግ ለማየት ቢያንስ ቤቱ መግባት ያስፈልግ ነበር። ቡናው እስኪፈላ አልበም ይቀርብልዎታል፤ አንድ በአንድ እየገለጡ "ይቺ ማናት?" ሲሉ "የአጎቴ ልጅ ናት" ይሉዎታል። አሁን አልበሙ በየሰው ጆሮ ላይ ተለጥፎ ይዞራል። የማያየው ባለ ስልኩ ብቻ ነው፤ እሱ ሲነካካ የሚውለው የፊተኛውን መስታወት ነው።

ፎቶ ከቨር ላይ የሚታተምበት ቤት ደሴ ውስጥ ፒያሳም ሰኞ ገበያም አይታጣም። ፎቶ ኮፒ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ላሚኔሽን በሚሠራበት ጠባብ ክፍል ጥግ ላይ እጀታዋን ወደ ላይ የገተረች ማሽን አለች፤ ሂት ፕሬስ ይሏታል። ለማያውቃት የወፈረች የልብስ ካውያ ትመስላለች፤ ከካውያም ብዙ አትርቅ። ፎቶው መጀመሪያ በልዩ ቀለም ወረቀት ላይ ይታተማል። ወረቀቱ የከቨሩ ጀርባ በምትሆነው ስስ የአሉሚኒየም ሳህን ላይ፣ ሙቀት በሚችል ፕላስተር ይታሰራል። ከዚያ ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ለአንድ ደቂቃ ገደማ ይጨመቃል። ቀለሙ ታዲያ እንደ ቅቤ አይቀልጥም። ቁም ሳጥን ውስጥ ለብል የምትቀመጠው ነጭ ክኒን ሳትረጥብ እያነሰች እንደምትጠፋው፣ ከጠጣርነት በቀጥታ ወደ ጋዝ ይለወጥና ሳህኑ የተቀባው ልባጥ ውስጥ ዘልቆ ይገባል። ሲበርድ እዚያው ይቀራል። ሰብሊሜሽን የሚሉት ይህንን ነው።

ደንበኛ ስለዚህ ሁሉ ግድ የለውም። የተመረቀውም፣ የታጨችውም፣ ልጁን አንድ ዓመት ያስቆጠረውም ጥያቄያቸው አንድ ነው።

"ይለቃል?"

"አብሽር፣ አይለቅም።"

አንድ ከሰዓት እዚያ ቤት ወረፋ ስጠብቅ ይህን ምልልስ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጠርኩም። በመጨረሻ ሁለት እጮኛሞች እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ "አይለቅም አይደል?" ብለው ለሦስተኛ ጊዜ አረጋግጠው ሲወጡ፣ ማሽኗን የሚያሠራው ልጅ ወደ እኔ ዞረ። "ጋሼ፣ ሰው ይለቃል እንጂ ቀለምስ አይለቅም" አለኝ። ባለፈው ዓመት ከአንዷ ጋር ፎቶ ተነስቶ ያሳተመ ጎረምሳ ዘንድሮ ከሌላ ጋር የተነሳውን ይዞ መጥቶ፣ "የድሮዋን በአሴቶን አጥፋልኝ" አለው አሉ። በአሴቶን ቢያሸው፣ ቢፈትገው እሷ ወይ ፍንክች። መላው ምን ሆነ? አዲሷ በሌላ ሳህን ታተመችና በአሮጌዋ ላይ በማስቲሽ ተለጠፈች። ከቨሩ ትንሽ ወፈረ እንጂ አሁን ሁለቱም በአንድ ስልክ ላይ በሰላም ይኖራሉ።

ማሽኗን ከምጣድ ለይቶ የማያይ ሰው አለ፤ ሶኬት ሰክቶ ሲግል ማሳረፍ ይመስለዋል። ነገር ግን ምጣድ እንኳ ሙያ ይጠይቃል። ሥራውን በጀመረ ሰሞን ልጁ መቆጣጠሪያው በፋራናይት እንደሚቆጥር ሳያስተውል 190 ሞላ። 190 ፋራናይት ማለት 88 ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ላይ ስለተቀመጠች ውሃችን በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ እንግዲህ በዚያ ሙቀት ሙሽራ ማተም ቀርቶ ሻይም አይፈላበት። የወጣው ፎቶ ከጉም መሀል የሚመጣ ሰው ይመስል ነበር። ደንበኛው ግን "ኤዲቲንጉ ደስ ይላል" ብሎ ወሰደው።

መብራት እልም ሲል ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ግማሹን የበሰለ ፎቶ እንደገና ልጨምቅ ሲባል ወረቀቱ ትንሽ ከተንሸራተተ ምስሉ ጥላ ይጥላል፤ ሙሽራው ባለ ሁለት ረድፍ ጥርስ ሆኖ ይወጣል። ከሁሉ የከፋው ግን መገልበጥን መርሳት ነው። ወረቀቱ ሳህኑ ላይ በፊቱ ስለሚደፋ፣ ጽሑፉ ቀና ሆኖ እንዲወጣ አስቀድሞ በመስታወት እንደሚታይ ተገልብጦ መታተም አለበት። ያ ከተረሳ ጽሑፉ በግራ ይወጣል። እንደ "ተ" ያለው ፊደል ቢገለበጥም ያው ነው፤ "ፍቅር" ግን ሲገለበጥ አይነበብም።

ጥፋቱን ሁሉ በልጁ ላይ መቆለል ደግሞ ግፍ ነው። ደንበኛው ራሱ ጉድ ነው። "የስልክህ ዓይነት?" ሲባል "ስፓርክ" ይላል። ስፓርክ ብቻ ማለት ሰኞ ገበያ መሀል ቆሞ "ሰይድ!" ብሎ እንደመጣራት ነው፤ ግማሹ ገበያ ዞሮ ያያል። ስንተኛው ስፓርክ? ቁጥሩ በተለወጠ ቁጥር የካሜራው ቀዳዳም ቦታ ይለውጣል። ሌላው ጥቁር ከቨር ይዞ ይመጣና "ላዩ ላይ በነጭ ስሜን ጻፍልኝ" ይላል። ይህ ጥበብ ነጭ ቀለም የሚባል ነገር የለውም፤ ነጩ የሳህኑ የራሱ ንጣት ነው። ያቺ ሚኒባስ ውስጥ ያፈጠጠችብኝ ሙሽራ እንኳ ቬሎዋ ምንም አልታተመበትም፤ ቀለም ሳይነካው የቀረ ባዶ ሳህን ነው።

የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት አዳራሽ "አይጠየፍ" የተባለው ማንንም ሳይንቅ ስለሚያበላ ነው ይባላል። የእኛዋ ማሽንም አትጠየፍም። ረፋዱን ካዕባን፣ ከሰዓት ግሸን ማርያምን፣ አመሻሽ ላይ የአርሰናልን አጥቂ ታትማለች። የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ሲዛወር ፊቱ ያለበት ኩባያ ይበረከትለታል። ሰውየው በየማለዳው ራሱን እያየ ሻይ እንዲጠጣ ያሰበው ሠራተኛ በፍቅር ይሁን በበቀል አይታወቅም።

የምትጠየፈው አንድ ነገር ቢኖር ጥጥ ነው፤ ይህም ኮምቦልቻ ላይ ያስቃል። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ባለባት፣ በሐምሌ 2009 ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ በተመረቀባት ከተማ አንድ ቀን አንድ ኩሩ ሰው ነጭ ቲሸርቱን ይዞ ወደ ማተሚያ ቤት ይመጣል። "ንጹህ ጥጥ ነው፣ እንደ ቻይናው እንዳይመስልህ" ይላል። ቀለሙ የሚይዘው ግን በፖሊስተር ላይ ነው፤ ጥጥ ላይ የታተመው ታጥቦ ሲሰጣ አብሮ ይሸኛል። እናም ባለ ጥጡ "ሄደህ ርካሹን ገዝተህ ና" ይባላል። "ይለቃል?" ለሚለው ጥያቄ "አዎ" የሚል መልስ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ሰውየው ግን አላመነም፤ አሳትሞት ሄደ።

እኔስ ወረፋ ይዤ የነበረው ለምን ይመስላችኋል? በሰው ስስቅ ከርሜ የእናቴን ፎቶ ላሳትም ነበር። አሳተምኩ። ደስ ይላታል ብዬ ቤት ወሰድኩና ቡና ስትቆላ ስልኬን እንደ ልማዴ መስታወቱን ወደ ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። አየችኝ።

"ምነው ልጄ፣ በፊቴ ደፋኸኝ?"

ምን ይመለሳል? ገለበጥኩት። ከዚያ ወዲህ ቤትም ሆነ ካፌ ስልኬ በመስታወቱ ተደፍቶ ነው የሚቀመጠው፤ እናቴ ሽቅብ፣ ስክሪኑ ቁልቁል። እስካሁን ሁለት ጊዜ ስክሪን አስቀይሬያለሁ። ከቨሩ ጭረት የለበትም።