ሞተሩ በማቭሪክ፣ ምክሩ በኤንትሬ

የፎርድ ማቭሪክ ፒካፔ የጭነት ቦታ ርዝመት 137 ሴንቲ ሜትር ነው። ያማሃ ቲደብሊው 200 የሚባለው ሞተር ሳይክል ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ 2 ሜትር ከ9 ሴንቲ ይሆናል። ይህን ሂሳብ አራተኛ ክፍል የደረሰ ሁሉ ይሠራዋል። ጓደኛዬ ግን ኢንጂነር ስለሆነ አልሠራውም። ፍሬድሪክስበርግ ከሚኖር ሰው ሞተር ገዝቶ ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ደወለልኝ። "እንዴት ይገባል?" ስለው፣ "ፒካፕ አይደለም እንዴ?" አለኝ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ።

ፒካፕ ነው፤ አይደለምም። ማቭሪክ ከላይ ሲያዩት ፒካፕ ነው። ከሥሩ ግን ፎርድ ኤስኬፕ ከሚባለው የቤት መኪና ጋር አንድ መሠረት ይጋራል። ትልልቆቹ ፒካፖች ወፍራም የብረት ሻንሲ አላቸው፤ ጋቢናውም የጭነት ገንዳውም እላዩ ላይ ለየብቻ ይታሰራሉ። የእኔው ጋቢናና ገንዳ ግን የተዋሃዱ አንድ አካል ናቸው። የሚጎትተውም በፊት ጎማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ብቅ ሲል መነሻ ዋጋው ከ20 ሺህ ዶላር ትንሽ ዝቅ ያለ ስለነበር ብዙ ሰው ተሻማበት። እኔ የመረጥኩት ግን የማቆሚያ ቦታዬ በሁለት ምሰሶዎች መካከል ስለሆነና ልጆቼም ከኋላ ወንበር ስለሚፈልጉ ነው። በትልቅ ፒካፕ እዚያ ቦታ ብገባ እንኳ በር ከፍቼ መውረድ አልችልም።

ሐበሻ በበዛበት በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ፒካፕ መግዛት የሕዝብ ንብረት መሆን ነው። ልቅሶ ሲሆን ወንበሩ በእኔ ይጓዛል። ልጅ ሲመረቅ ድንኳኑ በእኔ ይሄዳል። ቤት የሚቀይር ሰው ሶፋውን በእኔ ያስጭናል፤ ግማሹ ሶፋ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ ሲያይም "ትንሽ ሰፋ ያለውን ብትገዛ ምን ነበረበት?" ብሎ ይቆጣኛል። እንደ እነሱ ምኞት ቢሆን ኖሮ አውቶቡስ በገዛሁ!

በቤት መኪና ወገብ ላይ ገንዳ መቀጠል የዛሬ ብልሃት አይደለም። በአውስትራሊያ አንዲት የገበሬ ሚስት፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የምንሄድበት፣ ሰኞ አሳማዎቻችንን ገበያ የምናደርስበት አንድ መኪና ሥሩልን ብላ ለፎርድ ኩባንያ ጻፈች ይባላል። ሉ ባንት የተባለ የፎርድ ወጣት ባለሙያም በ1934 እንደዚያ ያለ መኪና ነድፎ አቀረበ። አሳማው ለእኛ አይመቸንም እንጂ ሴትየዋ የጠየቀችው ትክክለኛ ነገር ነው። ቅዳሴም ገበያም የማይቀሩበት ሰው ሁለት መኪና የሚገዛበት ምክንያት የለውም።

አሜሪካ ውስጥ ግን የትንንሽ ፒካፖችን ዕድል ያበላሸችው ዶሮ ናት። እየቀለድኩ አይደለም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ምዕራብ ጀርመንና ፈረንሳይ ያሉበት የአውሮፓ የጋራ ገበያ በርካሹ የአሜሪካ ዶሮ ላይ ቀረጥ ጣለ። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰንም በ1963 መጨረሻ የአጸፋውን አዋጅ አወጡ፤ ከውጭ በሚገባ የድንች ስታርች፣ ዴክስትሪን፣ ብራንዲና ቀላል የጭነት መኪና ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ተጣለ። የሌሎቹ ቀረጥ ውሎ አድሮ ተነሣ፤ የጭነት መኪናው ግን እንደተጣለ ቀረ። ዶሮ በ12 ብልት ተከፋፍላ ድስት ትገባለች እንጂ የመኪና ገበያ ትገባለች ብሎ ማን ይጠረጥራል? ጃፓኖች ግን ዘዴ አያጡም። ሱባሩ ብራት የምትባለውን ትንሽ ፒካፕ ሲልኩ ገንዳዋ ላይ ፊታቸውን ወደ ኋላ ያዞሩ ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች ገጠሙና "ይቺ የሰው መኪና ናት" አሉ። በሰው መኪና ቀረጥም አስገቧት። ሮናልድ ሬገን ሳይቀሩ ካሊፎርኒያ ባለው እርሻቸው አንድ ብራት ነበራቸው። የእኔው ማቭሪክ የሚሠራው ሜክሲኮ፣ ኤርሞሲዮ ከተማ ስለሆነ በሦስቱ የሰሜን አሜሪካ አገሮች የንግድ ውል ከዶሮዋ ዕዳ አምልጦ የመጣ ነው።

ሞተሩን ልናመጣ ስንሄድ ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ መንገድ ላይ ሳወራው፣ ከፊት የተቀመጡት አጎቱ "ስለ ዶሮው ተወውና ገመድ ይዘሃል ወይ?" አሉኝ።

አጎትየውን ሁላችንም "ጋሼ" ነው የምንላቸው። በወጣትነታቸው ፊያት 682 ኤንትሬ ከነተጎታቹ ይዘው ከአሰብ ወደብ አዲስ አበባ የተመላለሱ ሹፌር ናቸው። ሰርዶን፣ ሚሌን፣ ባቲን፣ ኮምቦልቻን በጨለማም አይስቷቸውም። ልጆቻቸው ጋ ከመጡ ወዲህ የሚነዱት ስለሌለ የሌላውን ሰው መንዳት ይቆጣጠራሉ። ጠዋት ማቭሪኩን ሲያዩት ጎማውን በከዘራቸው መታ መታ አደረጉና ጠየቁኝ።

"ስንት ኩንታል ይጭናል?"

"680 ኪሎ ገደማ ነው ጋሼ፤ ሰውም ተቆጥሮ።"

"ሰባት ኩንታል አይሞላም በለኛ! ኤንትሬ እኮ ይህን ለስንቅ ነው የሚይዘው።"

በእውነቱ ክብደቱ አላሳሰበኝም። ሞተሩ 126 ኪሎ ነው፤ ሦስታችን ተደምረን ጋሼን ከነከዘራቸው ብንቆጥር እንኳ ገና ብዙ ይተርፈናል። የትንሽ ፒካፕ ጣጣ ርዝመት ነው። የኋላው መዝጊያ፣ ጋሼ ስፖንዳ የሚሉት፣ ሲዘረጋ የገንዳው ርዝመት ስድስት ጫማ ይደርሳል፤ 183 ሴንቲ ማለት ነው። የፊት ጎማው ጋቢናውን ገፍቶ ሲቆም የኋላ ጎማው የሚያርፈው በተዘረጋው ስፖንዳ ላይ ነው። ስፖንዳውን የያዙት ደግሞ ግራና ቀኝ ሁለት ቀጫጭን የሽቦ ገመዶች ናቸው። ጓደኛዬ "ሰያፍ እናድርገውና ጥቂት ሴንቲ እናትርፍ" አለ። ጋሼ አልሰሙትም፤ ወደ ሰማይ ነው የተመለከቱት። ሞተር በሰያፍ ሲታሰር አንዱ ቀበቶ አጭር፣ ሌላው ረጅም ይሆናል፤ ኩርባ ላይ ደግሞ ማን እንደሚያሸንፍ አይታወቅም። በቀጥታ ሆነ።

ሻጩ ዝምተኛ አሜሪካዊ ነው። ከመኪና ማደሪያው የመወጣጫ ጣውላ አውጥቶ ሰጠን። ማንም ሞተር የሚጭን ሰው ይህችን ልብ ይበል፤ ጣውላው ከመኪናው ጋር መታሰር አለበት። ካልታሰረ፣ የሞተሩ ጎማ ጫፉ ላይ ሲደርስ ጣውላው ወደ ኋላ ይፈናጠራል፤ ሞተሩ፣ ጣውላውና ገፊው አንድ ላይ መሬት ይገናኛሉ። ሞተሩን አስነሥቶ በጉልበቱ ማውጣትም የጀብደኛ ሥራ ነው። አንዱ ከጎን መሪውን ይዞ እጁን ከፍሬኑ ሳይለይ ይወጣል፤ ሌላው ከኋላ ይገፋል። እኛ ጋ ጓደኛዬ ያዘ፣ እኔና ሻጩ ገፋን፣ ጋሼ አዘዙ። "ያዝ! ልቀቅ! ቀስ! ፍሬን!" ሲሉ አሜሪካዊው አንድም የአማርኛ ቃል ሳያውቅ ከእኔ ቀድሞ ይታዘዝ ነበር። የጭነት አለቃ ድምፅ ትርጉም አያሻውም።

ከዚያ ማሰሩ መጣ። እዚህ ላይ ጋሼና እኔ ተጣላን ማለት ይቻላል። እኔ የያዝኩት አራት የጭነት ቀበቶ ነው፤ እየጎተቱ የሚያጠብቁት ዓይነት። እሳቸው ከቤታቸው ጥቅል ገመድ ይዘው መጥተዋል፤ ከአዲስ አበባ ሲመጡ ሻንጣቸውን ያሰሩበት ነው። ቀበቶው ከመሪው ግንድ በግራና በቀኝ ወደ ፊትና ወደ ጎን ይሳባል። ሲጠብቅ የፊት አሞርዛተሩ ይሰምጣል፤ ግማሽ ድረስ ማስመጥ ይበቃል። ሙሉ በሙሉ ከተጫነ የዘይት ጎሚኒው ይጎዳል፤ ከላላ ደግሞ የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ሞተሩ ዘለል ሲል ቀበቶው ከመንጠቆው ይወልቃል። ጋሼ አሞርዛተሩ ሲወርድ አይተው "አንበረከካችሁት" አሉና የራሳቸውን ገመድ በላዩ ደገሙበት። የኋላ ጎማው ግራና ቀኝ እንዳይሄድ ሁለት ቀበቶ ተጨመረ። ከፊት ጎማው ሥር ቁራጭ እንጨት ገባ፣ ማርሹ አንደኛ ላይ ሆነ፣ የቤንዚኑ መዝጊያም ተዘጋ። ይህ መዝጊያ ተረስቶ ከሆነ አፍንጫችሁ መንገድ ላይ ይነግራችኋል።

ልንመለስ ስንል ጋሼን "ከፊት ይግቡ" ብንላቸው እምቢ አሉ። ከሁላችን ወፍራም ጓደኛዬ ስለሆነ እሱን ከፊት አስቀመጡት። ምክንያታቸው ትክክል ነው። ጭነቱ ከኋላ አክሰል አልፎ ስለሚያርፍ የመኪናው አፍንጫ ይቀላል፤ የእኔው ደግሞ የሚጎትተው በአፍንጫው ነው። ዳገት ላይ፣ በተለይ ዝናብ ካለ፣ የፊት ጎማው መሬቱን በደንብ አይጨብጥም። የፊት መብራቱም ቀና ብሎ የፊተኛውን ሹፌር ዓይን ይወጋል። እሳቸው ራሳቸው ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ ጭነቱ አዞሩ። "ረዳት ከጭነቱ አይለይም" አሉ። በዕድሜ ዘመናቸው ሹፌር የነበሩ ሰው በአንድ ከሰዓት ረዳት ሆነው መዋላቸው ቅር አላሰኛቸውም፤ እንዲያውም ወጣት መሰሉ። ቀይ መሀረባቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ከስፖንዳው ወጣ ያለው የሞተሩ ጭራ ላይ አሰሩት። ወጣ ያለው 26 ሴንቲ ብቻ ስለሆነ ሕጉ አያስገድደንም ብላቸው "ሕጉ የሚጠይቅህ ከተጋጨህ በኋላ ነው" አሉኝ።

አንድ ነገር ማንም አልነገረኝም። ማቭሪክ ወደ ኋላ የሚያሳየው ካሜራ ያለው ስፖንዳው ላይ ነው። ስፖንዳው ተዘርግቶ ወደ ኋላ ለመሄድ ማርሽ ሳስገባ ስክሪኑ ላይ አስፋልት ብቻ መጣ፤ ጥርት ያለ፣ ባለ ቀለም አስፋልት። ጋሼ ግን "ና! ና! ና! በቃ!" እያሉ በመስኮት አወጡኝ።

አይ 95 አውራ ጎዳና እሁድ ከሰዓት ምን እንደሚመስል የዚህ አካባቢ ሰው ያውቀዋል። ጥቂት ማይል እንደሄድን ጋሼ አስቆሙኝ፤ ልክ ናቸው፣ አዲስ የታሰረ ቀበቶ ሁሉ መጀመሪያ ይላላል። ሁለቱ ላልተው ነበር፤ የሳቸው ገመድ ግን አልተነቃነቀም። ስለዚህ ጉዳይ ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም። ኦኮኳን ወንዝ አካባቢ መኪናው ሁሉ ሲቆም አንድ ፖሊስ ከጎናችን ቆሞ ሞተሩን፣ መሀረቡን፣ ገመዱን፣ በመጨረሻም ወደ ኋላ ዞረው የተቀመጡትን ጋሼን ረጅም ጊዜ ተመለከተ። ጋሼ ጎንበስ ብለው ሰላምታ ሰጡት። ፖሊሱም ጎንበስ አለ።

ቤት ስንደርስ ጓደኛዬ የሞተር መንጃ ፈቃድ ገና እንዳላወጣ ነገረን። ሞተሩ አሁን በሸራ ተሸፍኖ ቆሟል። ጋሼ ግን ፍርዳቸውን እዚያው ሰጥተዋል፤ መኪናው ትንሽ ቢሆንም እውነተኛ ጭነት ተሸክሟል ብለዋል። እኔም በዚህ እስማማለሁ። እስከ 150 ኪሎ የሚደርስ ሞተር፣ አራት ጥሩ ቀበቶ፣ የታሰረ ጣውላ፣ አንድ አዛዥ ሽማግሌ ካለ ትንሽ ፒካፕ ይበቃል። ከ350 ኪሎ በላይ የሚመዝነውን ሆንዳ ጎልድ ዊንግ የገዛችሁ ካላችሁ ግን የሞተር ተጎታች በቀን ይከራያልና እሱን ተከራዩ። እኔ ቅዳሜና እሁድ ቤት የለሁም።