የጉልበት አንድምታ፦ በዋሺንግተን የኳርተርባክ ሙግት ላይ የተደረገ አነስተኛ ጥናት

ይህ ጥናት የተካሄደው በታክሲ ውስጥ ነው። የመረጃ መሰብሰቢያው መሣሪያ ስፖኪዮ፣ ናሙናዎቹ ደግሞ ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ወደ መሀል ዋሺንግተን የተሳፈሩ መንገደኞች ናቸው። በአካባቢው ታክሲ የሚነዳ ሀበሻ ብዙ ስለሆነ ጥናቱን ለመድገም የሚፈልግ ሌላ ተመራማሪ አይቸገርም። አጥኚው ገለልተኝነቱን ለመጠበቅ ለሁለቱም ወገን «እውነትዎን ነው» ብቻ ይል ነበር። የስሕተት ህዳጉ ከጉርሻው ጋር ከፍና ዝቅ ይላል።

ለጨዋታው እንግዳ ለሆነ አንባቢ፦ በአሜሪካ ፉትቦል ኳርተርባክ ማለት ኳሷ በየዙሩ መጀመሪያ እጁ የምትገባለት ሰው ነው። ይወረውራል፣ ያቀብላል፣ ሲጨንቀው ይዞ ይሮጣል። ቦታው የአንድ ሰው ነው። ሁለተኛው ኮፍያ አድርጎ ዳር ይቆማል። ሙግቱ የሚነሣው ከዚያ ከኮፍያው ነው።

የሙግቱ ምንጭ እ.ኤ.አ. 2012 ነው። በዚያን ጊዜ ሬድስኪንስ ይባል የነበረው የዋሺንግተን ቡድን ሮበርት ግሪፊን ሦስተኛውን ለማግኘት ሦስት የመጀመሪያ ዙርና አንድ የሁለተኛ ዙር የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ተራ ለሴንት ሉዊስ ሰጠ፤ እስከ 2014 ድረስ ያለውን ማለት ነው። ወጣቱን በሁለተኛ ተራ መረጠው። በምርጫው ሦስተኛ ቀን፣ በአራተኛው ዙር፣ በ102ኛ ተራ፣ ከርክ ከዝንስ የሚባል ሌላ ወጣት ኳርተርባክ ጨመረ። የሦስት ዓመት አዝመራውን አስይዞ በሬ የገዛ ገበሬ በሦስተኛው ቀን ሌላ ወይፈን እየነዳ ቢመጣ ጎረቤት ዝም አይልም። በዋሺንግተንም ዝም አላለም።

የመጀመሪያው ዓመት መልካም ነበር። ቡድኑ ሦስት አሸንፎ ስድስት ከተሸነፈበት፣ ማለትም ከ3 ለ 6፣ ተነሥቶ የቀሩትን ሰባት ጨዋታዎች በሙሉ አሸንፎ ምድቡን ወሰደ። በመሀሉ ግን፣ በታኅሣሥ፣ ከባልቲሞር ጋር ሲጫወቱ ግሪፊን ጉልበቱን ተመታ። ከዝንስ ገብቶ ጨዋታውን አዳነ። በሳምንቱ ክሊቭላንድ ሄዶ 38 ለ 21 አሸነፈ። ከዚያ ሰኞ ጀምሮ የአጥኚው ስፖኪዮ ዕረፍት አላየም።

የመስኩ ዋና ጥቅስ የተገኘው በጥር 2013 ከሲያትል ጋር ከተደረገው የጥሎ ማለፍ ጨዋታ በኋላ ነው። ግሪፊን በአንድ እግሩ እያነከሰ እስከ አራተኛው ሩብ ቆየ፤ ጉልበቱም በዚያው ተበጠሰ። ለምን አላስወጣኸውም ሲባል አሰልጣኙ ማይክ ሻናሃን፣ ልጁ ራሱ ማመምና መጎዳት ይለያያል ብሎ እንዳሳመነው ተናገረ። መንገደኞች ይህን ቃል እንዲህ ተርጉመውታል። ስለምን እንዲህ አለ ቢሉ፦ ጀግና ስለሆነ ነው። አንድም፦ ከወጣ ከዝንስ እንዳይቀመጥበት ፈርቶ ነው። አንድም፦ የ22 ዓመት ልጅ ስለ ራሱ ጉልበት ሲጠየቅ ሌላ ምን ሊል ኖሯል። ሦስተኛውን ትርጓሜ የሰጡት አንዲት ነርስ ብቻ ነበሩ። በአጥኚው ግምት ትክክለኛው የእሳቸው ነው፤ ሆኖም በናሙናው ውስጥ አናሳ ስለሆኑ በድምፅ ተሸንፈዋል።

በ2013 መጨረሻ ላይ ሻናሃን ግሪፊንን ለመጨረሻዎቹ ሦስት ጨዋታዎች አስቀመጠው። የሰጠው ምክንያት ልጁ ጤናው ተጠብቆ ወደ ዕረፍቱ እንዲገባ የሚል ነው። ለምን አስቀመጠው ቢሉ፦ ለጤናው ነው። አንድም፦ ከዝንስን አጫውቶ ዋጋውን ለማስወደድ ነው። አንድም፦ አሰልጣኙ መባረር ፈልጎ ነው። ከዝንስ ሦስቱንም ተሸነፈ፤ ቡድኑ 3 ለ 13 ጨረሰ፤ ሻናሃንም ተባረረ። ሦስተኛው ትርጓሜ በፍሬው ታወቀ።

እዚህ ላይ አንድ ባልደረባችንን ማንሣት ያስፈልጋል። በታክሲ ሰልፉ ላይ ጋሼ የምንላቸው እኚህ ሰው አንድም ጨዋታ ሙሉውን አይተው አያውቁም፤ በሙግት ግን ተረትተው አያውቁም። ነጠላቸውን አጣፍተው በላ ልበልሃ ሲሉ እንኳን የከዝንስ ወገን፣ ከዝንስ ራሱም ቢመጣ ይፈራቸዋል። ዘዴያቸው ቀላል ነው፦ ባለፈው እሑድ የተሸነፈውን ያወግዛሉ። በመስከረም 2014 ግሪፊን ቁርጭምጭሚቱ ሲወልቅ ከዝንስን አነገሡ፤ ከዝንስ በኒውዮርክ ጃያንትስ ላይ አራት ውርወራ ለተቃራኒ ባስረከበበት ሐሙስ ማታ ደግሞ ሻሩት። «ጋሼ፣ ትናንት ያሉት ሌላ ነበር» ሲባሉ፣ «ትናንት የነበረው ሌላ ልጅ ነው» ብለው መለሱ። አጥኚው ከዚህ የጠነከረ መከራከሪያ በጽሑፍም አላገኘም።

የጥናቱ ግኝት አንባቢን እንዳያስከፋ እንፈራለን። በሦስት ዓመት ተኩል ውስጥ ከኋላ መቀመጫ ከተሰጠው ብይን አንዱም አልተፈጸመም። ማን እንደሚጫወት የወሰኑት ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚትና በነሐሴ 2015 የሻናሃን ተተኪ አሰልጣኝ ጄይ ግሩደን ናቸው። ግሩደን ከዝንስን ሾመ፤ ቡድኑ 9 ለ 7 ጨርሶ ምድቡን ወሰደ፤ ግሪፊን ያን ዓመት አንድ ዙር እንኳ ሳይጫወት አለፈ። ሦስት አዝመራ የተከፈለበት በሬ ሳይጠመድ ዋለ፤ ወይፈኑ አረሰ።

ከዝንስ በ2018 ሙሉ በሙሉ ዋስትና በተሰጠው 84 ሚሊዮን ዶላር ወደ ሚኒሶታ ሄደ። ግሪፊን ደግሞ በ2021 የቴሌቪዥን ተንታኝ ሆነ፤ የትኛው ኳርተርባክ መጫወት እንዳለበት እየተናገረ ደመወዝ ይበላ ጀመር።